ዳዶው «ይጠበቃል» ወይስ «ይጥበቅ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። ስለ አውሮፕላን ብሎኖች አጭር ማስተማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «ዳዶው በደንብ ይጠበቃል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ስሕተት ነው አለችኝ። እኔ ግን ስሕተቱ አልታየኝም። የቱ ነው ትክክል? ብሎንና ዳዶ የሚሉትንስ በሌላ ቃል ልተካቸው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናት። «ዳዶው ይጠበቃል» ሲባል አንባቢ የሚረዳው ዳዶው ገና እንዳልመጣ ነው። ወይም ዘበኛ እንደቆመለት።

አማርኛ «ጠበቀ» የሚል ሁለት ግስ አለው። አንዱ የ«ላላ» ተቃራኒ ነው፤ ገመዱ ጠበቀ፣ ክዳኑ ጠበቀ እንላለን። ሌላው መቆየትና ዘብ መቆም ነው፤ እንግዳ ጠበቀ፣ በግ ጠበቀ። በኀላፊ ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ አንድ ዓይነትም ይነበባሉ። በሌላው ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው «መጥበቅ» ነው፣ ሁለተኛው «መጠበቅ»። ዳዶው ይጥበቅ፤ ዘበኛው ይጠብቅ። ብሎኑን አጠበቀ፤ ግቢውን አስጠበቀ። «ይጠበቃል» የሁለተኛው ግስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመመሪያ የሚሆንዎ «ይጥበቅ» ነው፤ ወይም በቀጥታ «አጥብቅ»።

ከባዱ «ይጠብቃል» ነው፤ ሁለቱም ግሶች እኩል ይጽፉታል። ይህን ያንብቡ፦ «ዳዶው ይጠብቃል፤ ሽቦው ይጠብቃል።» በመጀመሪያው «ብ» ላልታ ትነበባለች፣ በሁለተኛው ጠብቃ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአውሮፕላን ላይ እውነት ናቸው። ንዝረት ዳዶም ብሎንም ያላላል። ስለዚህ በሞተሩ ላይ ብዙ ብሎኖች ጭንቅላታቸው የተበሳ ነው። በቀዳዳው ሽቦ ይገባል፣ ሁለቱ ጫፎች ይገመዱና ከሚቀጥለው ብሎን ጋር ይታሰራሉ። ሽቦው የሚስበው ሁልጊዜ ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ ነው። አንዱ ልላላ ቢል ሌላው ይይዘዋል። በተቃራኒው የታሰረ ሽቦ ግን ምንም አይጠብቅም፤ እዚህ ላይ «ብ» ጠብቃ ትነበብ።

አሁን ወደ «በደንብ» ልምጣ። ከግሱ ይልቅ እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ጣና ዳር የሞተር ጀልባ የሚጠግኑ ልጆች «አጥብቀው፣ ግን ጥርሱ እንዳይበላ» ሲባባሉ ይሰማል። ጥሩ አማርኛ ነው፣ ጥሩ ምክርም ነው። እጃቸው ልኩን ያውቃል። የአውሮፕላን ሥራ ግን ልኩን ለእጅ አይተውም። ኤኤን 3 የሚባለውን የአውሮፕላን ብሎን እንውሰድ። 3 ማለት ውፍረቱ 3/16 ኢንች ነው። በተለመደው የአጠባበቅ ሰንጠረዥ የዚህ ብሎን ዳዶ ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ይጠብቃል። ቀጥሎ ያለው ኤኤን 4 ከ50 እስከ 70 ነው። ካነሰ ይላላል፤ ከበዛ ብሎኑ ይሳባል፣ ጥርሱ ይበላል። ቁጥሩ ራሱ ዘይት ላልነካው ጥርስ የተሰጠ ነው። ጥርሱ ዘይት ከነካው ያው 25 ብሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋል። «በደንብ»፣ «ጠበቅ አድርጎ»፣ «እስኪበቃው» የሚሉትን ከማስተማሪያዎ ያውጧቸው። በቦታቸው ቁጥር ይግባ።

በዓይንና በእጅ ግምት መሥራት ምን እንደሚያመጣ ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ታይቷል። ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ወደ ስፔን ማላጋ ይበር በነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የአብራሪው የፊት መስታወት በአየር ላይ ተነቅሎ ወጣ። አብራሪው ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሎ በባልደረቦቹ ተይዞ ቆየ፤ በሕይወት ተረፈ። መስታወቱ በዋዜማው ነበር የተቀየረው። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ ነበሩ፣ 6ቱ ደግሞ ያጠሩ። የውፍረቱ ልዩነት 0.66 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትክክለኛው ብሎን ኤ211-8ዲ ነበር፤ የገባው ኤ211-8ሲ። ሠራተኛው ከአሮጌው ብሎን ጋር በዓይኑ አስተያይቶ ነው የመረጠው። አንዲት ፊደል። «ይጥበቅ» እና «ይጠበቅ» ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ለዚህ ነው። መመሪያ የሚያነብ ሰው በእጁ መፍቻ ይዟል።

ብሎንና ዳዶን አይተኳቸው። ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ ሠልጣኞችዎም በሌላ ስም አያውቋቸውም። «ማሰር» እና «ማጥበቅ» ግን ይለዩ። የሚታሰረው ክፍሉ ነው፣ የሚጠብቀው ዳዶው። አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የአውሮፕላን ብሎን ጥርስ ያለው ክፍልና ለስላሳ ክፍል አለው። ጭነቱን መሸከም ያለበት ለስላሳው ነው። ለዚህ የተለመደ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም፤ «ለስላሳው አካል» ብለው ይጻፉ፣ ሰው ይረዳዋል።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የብሎኑ ለስላሳ አካል ከሚታሰሩት ክፍሎች ውፍረት ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። ብሎኑ እንዳይዞር ተይዞ ዳዶው ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ ድረስ ይጥበቅ።» የመጀመሪያውን «ይጠብቃል» የግድ መጻፍ ካለብዎ እኔ ከላይ እንዳደረግሁት ቁጥሩን አጠገቡ ያኑሩት፤ ያን ጊዜ «ብ»ን ማንም አጥብቆ አያነባትም።