ጥቅምት 29 ላይ የቆመው ፕሮግራም፣ "????" የሆኑት ስሞችና የሚደርቀው ፎርም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለክሊኒክ ካርድ ክፍልና መድኃኒት ክፍል በሲሻርፕ ዊንዶውስ ፎርምስ ፕሮግራም ሠርተሻል፣ ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነው። የታካሚ ስም በአማርኛ ሲመዘገብ "????" ይሆናል፤ እሱን ስታስተካክዪ ደግሞ ሁለተኛውን ታካሚ "ቀድሞ ተመዝግቧል" ብሎ ይመልሳል፤ ስም ሲፈለግ ፎርሙ ይደርቃል። በመጨረሻም ጥቅምት 29 ቀኑን አልቀበልም ብሎ እንደነበርና ኅዳር ሲገባ "ራሱ እንደተስተካከለ" በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ከዚህኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ነው።

ራሱ አልተስተካከለም። የኢትዮጵያን ዓመት፣ ወርና ቀን እንዳለ ዴትታይም (የፈረንጆቹን ቀን ብቻ የሚያውቀው የሲሻርፕ የቀን ዓይነት) ውስጥ እየከተትሽ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም፣ 29ም በአብዛኛው ዓመት የለውም። 2016 ላይ ቢሆን 29ን ይቀበልና 30 ላይ ይወድቅ ነበር። ኅዳር ሲገባ ሦስተኛ ወር ሆነና ዝም አለ። ጳጉሜን ሲመጣ 13ኛ ወር የሚባል ስለማያውቅ እንደገና ይወድቃል።

ይኸው ስህተት በ2015 ዓ.ም. እኔም ላይ ደርሷል። የሠራሁለት መድኃኒት ቤት ጥቅምት 29 ጠዋት ደውሎ "ሽያጭ አልመዘግብም አለ" አለኝ። ሄጄ ኤረሩን ስፈልግ ባለሙያዋ ከመደርደሪያው አንድ ሽሮፕ አንስታ አሳየችኝ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ጊዜ በፈረንጆቹ ኦገስት 2022 ነው፣ ማለትም ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። የእኔ ስክሪን ግን በአረንጓዴ "7 ዓመት ከ6 ወር ይቀረዋል" ይላል። ካርቶን ላይ ካለው 2022 የእኛውን 2015 ቀንሼ ነበር። ያን ቀን ሽያጩን ትተን መደርደሪያውን በሙሉ አንድ በአንድ በእጅ ፈተሽን። ስለዚህ ዛሬውኑ የመድኃኒት ቴብልሽን ክፈቺና ማብቂያ ጊዜው ከየትኛው "ዛሬ" ጋር እንደሚነጻጸር እዪ። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

መፍትሔው ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጥ ቀን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው እንዲሆን ማድረግ ነው። የኢትዮጵያው ሰው ሲጽፍና ሲያነብ ስክሪን ላይ ብቻ ይምጣ። ዶትኔት የኢትዮጵያ ካሌንደር ክላስ የለውም፣ ግን አንድ ትንሽ ፈንክሽን ይበቃሻል። መነሻሽ መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆኑ ነው። ከዓመቱ 2000 ቀንሺና በ365 አባዢ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ቀሪውን ጥለሽ 500 ቀንሺና ደምሪበት፤ ከወሩ 1 ቀንሰሽ በ30 አባዝተሽ ደምሪ፤ በመጨረሻ ከቀኑ 1 ቀንሰሽ ደምሪ። ያገኘሽውን ቁጥር በቀን መልክ መነሻው ላይ ጨምሪ። ወደ እኛው ለመመለስ ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሺ፤ የዚያ ዓመት መስከረም 1 ከቀንሽ በኋላ የሚውል ከሆነ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቀንሺ። ከመስከረም 1 ወዲህ ያሉትን ቀኖች ለ30 ስታካፍዪ ድርሻው ላይ 1 ጨምረሽ ወሩን፣ ቀሪው ላይ 1 ጨምረሽ ቀኑን ታገኛለሽ። ፈንክሽኑን በእነዚህ ፈትኚው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ኖቬምበር 9 ቀን 2024 መሆን አለበት። ተጠቃሚው ጳጉሜን 6ን ሲጽፍ ግን ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው መሆኑን አረጋግጪ፣ አለዚያ ሳይታወቅ መስከረም 1 ይሆንብሻል።

ወደ ፊደሎቹ ልምጣ። አማርኛ ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ሆኖ እንደተበላሸ እዪ። ባዶ ሣጥን ከሆነ ፊደሉ አልጠፋም፣ ማሽኑ ላይ ፎንት ነው የጎደለው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ በራሱ ስለማይጫን እዚያ ኤብሪማ የሚባለውን ምረጪ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ፎንት ብትቀያይሪ አይመለስም። ያንቺ ይኸኛው ነው። ኮለሙን ከቫርቻር የአማርኛ ፊደል ወደሚይዘው ኤንቫርቻር መለወጥሽ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ኳየሪውን በስትሪንግ እየቀጣጠልሽ ከጻፍሽ ከጥቅሱ በፊት "ኤን" የምትለዋ ፊደል ከሌለች አሁንም ጥያቄ ምልክት ይገባል። ስሙን ኳየሪው ውስጥ ሳትቀጥዪ ለብቻው፣ በፓራሜትር ላኪው። ስም ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ሲገባ ከሚፈጠረው ኤረርና ከሰርጎ ገብም ያድንሻል።

"ቀድሞ ተመዝግቧል" የሚለው ብዙ ሰው የሚያለፋ ነው፣ እኔንም ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ስም ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ (አንድ ስም ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል) አድርገሻል፣ ዳታቤዙ ደግሞ ሲጫን በነባሪ የሚመጣውን የድሮ ላቲን ኮሌሽን (ፊደላት የሚወዳደሩበትና የሚደረደሩበት ደንብ) ይዟል። ያ ኮሌሽን የግዕዝ ፊደላትን ለማወዳደር ክብደት አልሰጣቸውም፤ እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ኳየሪ መስኮት ላይ "አበበ" ከ"ከበደ" ጋር እኩል ነው ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ "አዎ" ይልሻል። ለዚህ ነው አንድ ስም ስትፈልጊ ሌላ ሰው የሚመጣው። ኢንዴክሱን አጥፊ፣ ኮለሙን ስሙ ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ወዳለው የላቲን ጄኔራል ኮሌሽን ቀይሪ፣ ከዚያ ኢንዴክሱን መልሰሽ ሥሪ። ግን ዩኒክ አታድርጊው። በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች አንድ ክሊኒክ ይመጣሉ፤ መለያው ካርድ ቁጥሩ ይሁን።

ፍለጋው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "ፀሐይ" ብላ የመዘገበቻትን ሴት ተረኛው "ጸሃይ" ብሎ ይፈልጋታል፣ ያጣታል፣ አዲስ ካርድ ይከፍትላታል። የመድኃኒት አለርጂዋ ግን አሮጌው ካርድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ኮለም ያዢ፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መልሺ፤ ሀና ሃን፣ አና ኣንም አንድ አድርጊ፤ "ገብረ መድኅን" እና "ገብረመድኅን" እንዲገናኙ ክፍት ቦታውን አውጪ። የሚፈለገውንም ቃል በዚሁ ፈንክሽን አሳልፊው። ዋናውን ስም ግን አትንኪው፣ ሰው ስሙን በጻፈበት ፊደል ማየት መብቱ ነው።

ፎርሙ የሚደርቀው መስኮቱን የሚስለውና ማውዝና ኪቦርድን የሚሰማው አንድ ትሬድ (የፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር) ስለሆነ ነው። እሱን ዳታቤዝ በር ላይ ካቆምሽው፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ ዊንዶውስ "ኖት ሪስፖንዲንግ" ይላል። ትሬድ ጨምሬ ሌላ ኤረር መጣብኝ ያልሽው ከዚያኛው ትሬድ ሆነሽ ውጤቱ የሚታይበትን ሠንጠረዥ (ግሪዱን) ስለነካሽ ነው። መስኮቱን ሳያቆሙ መልስ የሚጠብቁትን አሲንክና አዌይት ተጠቀሚ፤ "ሪዘልት" ብለሽ አትጠብቂ፣ ያኔ ጭራሽ ይቆለፋል። ከዚያ በፊት ግን በየፊደሉ ቴብሉን በሙሉ መጫን ተዪ። መተየቡ ለ300 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቆም ብቻ ፈልጊ፣ 50 መስመር ብቻ አምጪ፣ ከሚፈለገው ቃል ፊት መቶኛ ምልክት (%) አታድርጊ፤ ኢንዴክሱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

እስካሁን "????" ሆነው የገቡትን ስሞች በኮድ መመለስ አይቻልም። ካርድ ቁጥራቸውን ለይተሽ ዝርዝሩን አትሚና ለካርድ ክፍል ስጪ፤ ከወረቀት ካርዱ እያዩ በድጋሚ ይጻፏቸው።