ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ስለሚይዙት ስክሪን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥም አገልግያለሁ። ስለ ስልክ፣ ታብሌትና የመማሪያ አፕ የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የልጄ ትምህርት ቤት አንድ አፕ አውርዱ ብሎናል። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ፎቶ ይጠይቃል። ልቤ አልወደደውም። ብጠይቅ ነገረኛ እባላለሁ?

መልስ፦ ይጠይቁ እንጂ! ልጅዎ ነው። ግን በር ላይ ቆመው በቃል አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን። አፑ ምን ይሰበስባል? ለምን? ለማን ያስተላልፋል? ማስታወቂያ አለው? ልጄ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ መረጃው ይጠፋል? ደግሞ አንዱን አይርሱ፦ እኔ ባልፈቅድ ልጄ በምን ይማራል? ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ «ፈቃድ» የተባለው ወረቀት ላይ መፈረም ፈቃድ አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ስጋትዎም ከንቱ አይደለም። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በኮቪድ ጊዜ የ49 አገሮች መንግሥታት ለተማሪዎች ያቀረቧቸውን ከ160 በላይ የኦንላይን መማሪያዎች መርምሮ ነበር። ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት የልጆችን መብት የሚጥስ ወይም አደጋ ላይ የሚጥል የመረጃ አያያዝ ነበራቸው።

አንድ ወላጅ ምን ሊያደርግ ይችላል ካሉኝ ደግሞ የዴንማርኩን አባት ልንገርዎ። ሄልሲንግኦር በምትባል ከተማ የሚማር ልጁ፣ እሱ ሳያውቅ በትምህርት ቤቱ በኩል የዩቲዩብ አካውንት ተከፍቶለት አገኘው። በ2019 አቤት አለ። በ2022 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ከተማዋ በትምህርት ቤቶቿ ክሮምቡክ የተባለውን የጉግል ላፕቶፕ እንዳትጠቀም አገደ። እገዳው ቆይቶ ቢላላም ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2024 መጀመሪያ 53 ማዘጋጃ ቤቶች የተማሪዎች መረጃ ወደ ጉግል የሚሄድበትን መንገድ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። ይሄ ሁሉ የመጣው ከአንድ አባት አቤቱታ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ መምህርት ነኝ። የክፍሌን ፎቶ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ እለቃለሁ። ወላጆች ደስ ይላቸዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም አደርገው ነበር። አንድ ቀን ፎቶ ከለቀቅኩ በኋላ አንዲት እናት ለብቻዬ ጠራችኝ። ልጇ የት እንደሚማር አንድ ሰው እንዳያውቅ የምትሸሽበት ከባድ ምክንያት ነበራት። ዩኒፎርሙ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በግልጽ ይነበባል። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ግን ግሩፑ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ነበር። ማን ሴቭ እንዳደረገው በምን አውቃለሁ? ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ የልጆቹን ሥራ አነሳለሁ፤ ሥዕላቸውን፣ ደብተራቸውን። ፊት አላነሳም።

ጥያቄ፦ ስልክ ጭራሽ ቢከለከልስ?

መልስ፦ በክፍለ ጊዜ? አዎ፣ እደግፋለሁ። ፈረንሳይ በ2018 እስከ 15 ዓመት ላሉ ተማሪዎች በሕግ ከልክላለች። ኔዘርላንድስም ከ2024 ጀምሮ ከክፍል አስወጥታዋለች። ዩኔስኮ በ2023 ሪፖርቱ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የሚገባው ትምህርትን የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ይሁን ብሏል። ግን ደንቡ ለሁሉም ክፍል አንድ ይሁን። አንዱ መምህር ሲፈቅድ ሌላው ሲከለክል ጭቅጭቁ አያልቅም። መምህሩም ስልኩን ኪሱ ይክተት። ልጆች የሚያዩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የቤት ሥራውን ቻትጂፒቲን፣ ያንን ለጥያቄ መልስ የሚጽፈውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አፕ፣ ጠይቃችሁ ኑ ተብለዋል።

መልስ፦ የቻትጂፒቲ የራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም። ከ18 በታች ላለ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህንኑ ለመምህሩ በትሕትና ይንገሩት። ብዙዎቻችን ደንቡን ሳናነብ ነው የምናዘው።

ጥያቄ፦ ዓይናቸውስ?

መልስ፦ በየ20 ደቂቃው፣ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይዩ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ውጭ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነኝ። ስናገር የሚሰማኝ የለም።

መልስ፦ ከርእሰ መምህሩ በፊት ወደ ልጅዎ መምህር ይሂዱ። አብዛኛው መምህር አፑን አልመረጠውም፤ ከላይ ነው የመጣለት። እሱም ውስጡ ይከነክነዋል፤ ብቻውን ተናግሮ ግን መጋፈጥ ይፈራል። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ወላጅ ያግኙ። አሥር ነገር አትጠይቁ፤ አንድ ነገር ጠይቁ። ለምሳሌ አዲስ አፕ ከመግባቱ በፊት ለወላጅ ይነገር በሉ። ደብዳቤው ላይ መምህሩም ይፈርም። ቀን ጻፉበት፣ መልስ የምትጠብቁበትንም ቀን ጥቀሱ፤ ኮፒውን እናንተ ዘንድ አስቀሩ።