ለእንጨት ሥራ ጉብኝት ወደ እንግሊዝ ልትሄድ ያሰብከው ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ አለህ። አንድ የጉዞ ወኪል በቡድን ወደ እንግሊዝ የሚሄድ «የእንጨት ሥራና የጥንት የቤት ዕቃ ጉብኝት» አቅርቦልሃል። ያዋጣል ወይ ነው ያልከው። ያዋጣል። እኔም ወርክሾፕ አለኝ፣ እንዲህ ባለ ቡድን ሄጃለሁ፤ ከተመለስኩ በኋላ መሳቢያ የምገጥምበት መንገድ ሳይቀር ተለውጧል። ግን ወኪሉ የሰጠህን ወረቀት እንዳለ አምነህ ከከፈልክ ትቃጠላለህ። በተራ በተራ ልንገርህ።

1. ቪዛ ሳይመታልህ ሙሉውን አትክፈል። ቅድሚያ የምትከፍለውም ብር ቪዛ ብትከለከል እንደሚመለስልህ በጽሑፍ ይስጡህ። «የኛ ቡድን ተከልክሎ አያውቅም» ቢሉህ አትስማቸው፤ ቪዛ የሚሰጡት እነሱ አይደሉም። ከእኛ መሃል አንድ እጁ የተባረከ አናጺ ቀርቷል። ለማመልከት ትንሽ ሲቀረው ከወንድሙ የተበደረውን ብር ባንክ ደብተሩ ላይ በአንድ ጊዜ አስገባ፤ ምንጩ አልታወቀም ተብሎ ተከለከለ። ወኪሉ አንድ ብር አልመለሰለትም። የጉብኝት ቪዛ ደግሞ ሲከለከል እንደገና ከፍሎ ማመልከት እንጂ እንደ ፍርድ ቤት ይግባኝ የምትልበት ነገር የለውም። ስለዚህ ደንበኞችህ ከአሁኑ በባንክ ይክፈሉህ፤ በእጅ አትቀበል። በአማርኛ ያለ ወረቀትህን፣ ንግድ ፈቃዱንም ጭምር፣ በሕጋዊ አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉም።

2. የተነገረህ ዋጋ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ የተሰላ መሆኑን ጠይቅ። ብቻዬን ላድር ካልክ ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ እሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚነግሩህ።

3. ፕሮግራሙ ላይ ስንት የመሳፍንት ቤት እንዳለ አትቁጠር። ዕቃውን ገልብጦ፣ መሳቢያውን ስቦ የሚያሳይህ ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይ።

እነዚያ ትልልቅ ቤቶች ሲያዩዋቸው አፍ ያስከፍታሉ። ግን የምታየው ከገመድ ማዶ ነው። መጋረጃው ወርዶ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል፤ ብርሃን እንጨቱንና ጨርቁን ስለሚጎዳ ነው፣ ልክ ናቸው። ቱሪስት ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። አንተና እኔ ግን አናጺዎች ነን። የወንበሩ እግር ከመቀመጫው ጋር በምን እንደተያያዘ፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባ በምን ጣውላ እንደተዘጋ ካላየን ምን አየን? እኔ ለዚያ ብዬ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት።

ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ኖስቴል የሚባል ቤት አለ። ዝነኛው የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ቺፕንዴል የሠራቸው ዕቃዎች እዚያ አሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) ቺፕንዴል በ1718 እዚያው ዮርክሻየር ኦትሊ ተወለደ፤ በኋላ ለንደን ወርክሾፕ ከፈተ፤ በ1754 የዕቃ ንድፎቹን በ160 ሥዕሎች መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ዛሬ እኛ በስልክ ካታሎግ ለደንበኛ እንደምናሳየው ማለት ነው። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኖስቴል ጌታ ሰር ሮውላንድ ዊን ዕቃውን ያዝዛል፣ ይረከባል፣ ሒሳቡን ግን ያዘገያል፤ ዘገየህ ብሎ ደግሞ አናጺውን ይሳደባል። ቺፕንዴል ክፈለኝ እያለ የለመነባቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ይህን ስሰማ እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ። ስንት ደንበኛ ሳሎኑን አስሞልቶ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ብሎኛል። በዓለም ላይ ስሙ የገነነ አናጺም ያው ነበር!

እዚያው ቤት ጆን ሃሪሰን በ1717 የሠራውን ሰዓት እንዳታልፈው። ሃሪሰን በኋላ መርከበኞች ባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ የሚያውቁበትን ሰዓት ሠርቶ የታወቀ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አናጺ ነበር፤ የሰዓቱ ጥርሳም ጎማዎች ከኦክ እንጨት የተቆረጡ ናቸው። ቡድናችን ወደ ምሳ ሲሄድ እኔ እዚያ ቀረሁ።

እዚያው ዮርክሻየር ወዳለው ትልቅ ቤት፣ ሄርዉድ ሃውስም ይወስዱሃል። ቺፕንዴል ከተቀበላቸው ሥራዎች ትልቁ እሱ ነው። ያ ቤት የተሠራው የላሰልስ ቤተሰብ በካሪቢያን ከስኳርና ከባሪያ ጉልበት ባገኘው ሀብት ነው። የዚያ ዘመን ውድ ዕቃ የሚሠራበት ቀላ ያለው እንጨት፣ ማሆጋኒውም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ በ1721 እንግሊዝ ከቅኝ ግዛቶቿ በሚገባ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ ስታነሳ ከጃማይካና ከአካባቢው ይጎርፍ ጀመር፤ ጫካ ገብቶ የሚቆርጠው በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። አስጎብኚያችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋ ወደ መስተዋቶቹ ሄደች። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። የእንጨቱ ውበት እውነት ነው፤ ከየት እንደመጣም አብሮ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። ፕሮግራማችን ላይ አንድ ሙሉ ቀን «የወንበር ወርክሾፕ ጉብኝት፣ ሃይ ዊኮም» የሚል ነበር። እኔ የተመዘገብኩት ለዚያ ቀን ስል ነው። ጠዋት ለባብሰን አውቶቡስ ስንገባ ወርክሾፑ ተሰርዟል፣ በምትኩ የቅናሽ ልብስ ወደሚሸጥበት የገበያ መንደር ነው የምንሄደው አሉን። ማንን ጠይቀው? ከአናጺ ጋር ካናቴራ ልገዛ ነው እንዴ እንግሊዝ የመጣሁት? አዲስ አበባ ተመልሼ ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ቪዛ አግኝተህ፣ ሄደህ፣ ተመልሰሃል፤ ሌላ ምን ፈለግክ?» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ውሉ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ቡናም አልጋበዘኝ፣ ቁጭ በልም አላለኝ። አንተ ያችን መስመር ፈልጋት። «ወርክሾፕ በወርክሾፕ ብቻ ይተካል፣ ካልሆነ የቀኑ ሒሳብ ይመለሳል» የሚል ካልጨመሩልህ አትፈርም።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልቀረሁም። ነፃ በሰጡን ቀን ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ለንደን ከሜሪልቦን ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ሃይ ዊኮም ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ያቺ ከተማ ወንበር የሠራት ከተማ ናት። በ1875 በቀን ወደ 4,700 ወንበር ይወጣባት እንደነበር ይገመታል። በ1877 ንግሥት ቪክቶሪያ ስታልፍ ሕዝቡ መንገዱ ላይ ከወንበር የተደረደረ ቅስት አቁሞ ተቀበላት። ሙዚየማቸው ትንሽ ነው፣ ግን ለእኛ ነው የተሠራው። አንድ ዊንዘር ወንበር፣ እግሩም ጀርባውም መቀመጫው ላይ የሚሰካውን ዓይነት፣ ፊት ለፊት ተንበርክኬ አየሁት። መቀመጫው ኤልም የሚባል እንጨት ነው፣ ምክንያቱም ጭረቱ የተጠላለፈ ስለሆነ እግር ሲሰካበት አይሰነጠቅም። እግሮቹ ቢች የሚባል ሌላ እንጨት ናቸው። የኋላው ቅስት በእንፋሎት የታጠፈ አሽ የሚባል እንጨት ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱ እንጨት! እኛ ሁሉንም በዋንዛ እንሠራና እግሩ ሲላላ ኮላውን እንረግማለን።

እግሮቹን የሚሠሩት ቦጀር የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ፋብሪካ አይገቡም። ከከተማዋ አጠገብ ባሉት የቺልተርን ኮረብቶች ጫካ ውስጥ ከርመው፣ እንጨቱን ገና እርጥብ ሳለ ይፈልጡትና በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ያዞሩታል። ከላይ አንድ ለምለም ግንድ እንደ ሞላ ይለመጣል፤ ገመዱ እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ መርገጫው ይወርዳል። ስትረግጥ ይሽከረከራል፣ ያኔ መሮህን ታስጠጋለህ፤ ስትለቅ ወደ ኋላ ይዞራል፣ መሮህን ትመልሳለህ። መብራት የለ፣ ሞተር የለ። መብራት በጠፋ ቁጥር እጃቸውን አጣጥፈው ለሚቀመጡ ሠራተኞቼ ይህን ነግሬያቸዋለሁ።

ኪልበርን ግን በፕሮግራምህ ላይ ከሌለ ሌላ ወኪል ፈልግ። ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሮበርት ቶምፕሰን (1876-1955) እዚያ ከኦክ ዕቃ ይሠራ ነበር፤ በየዕቃው ላይ አንዲት አይጥ ይቀርጻል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሠሩ ባልደረባው «ከቤተ ክርስቲያን አይጥ የባስን ድሆች ነን» ስላለው እዚያው ቀረጻት፣ ከዚያ ምልክቱ ሆነች ይባላል። ዛሬም ዘሮቹ ይሠራሉ፤ ጎብኚ ከላይ ሆኖ ሠራተኞቹን ማየት ይችላል። የጠረጴዛውን ፊት በእጄ ዳበስኩት፤ ቀላል ነፋስ የነካው የሐይቅ ውሃ ይመስላል፣ ዝቅ ከፍ ዝቅ ከፍ ይላል። ከቡድናችን አንዱ በደንብ አልላጉትም አለ። አይደለም አልኩት። ምላጩ እንደ ዶማ አግድም በዞረ መጥረቢያ ሆን ተብሎ የተጠረበ ነው፤ አባቴ የበር ጣውላ እንዲህ ሲጠርብ አይቼ ነው ያደግኩት። የወርክሾፑ አስጎብኚ ልክ ነው ብሎ ሌሎቹን ጠርቶ እንድደግመው አደረገኝ። ያን ቀን አባቴን አሰብኩ።

እንጨቱንም አጥና። ኦካቸውን ጣውላ በጣውላ ደርድረው፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብተው አየር ላይ ለዓመታት ያደርቁታል። እኛ ትናንት የተቆረጠ ገዝተን ዛሬ በር እንገጥማለን፤ ከዚያ በሩ ሲጣመም ደንበኛ ይሰድበናል። እኔ አሁን ጓሮዬ ላይ መደርደር ጀምሬያለሁ።

ለንደን ላይ ነፃ ግማሽ ቀን ካለህ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግባ። መግቢያው ነፃ ነው። ላይኛው ፎቅ ያለው የቤት ዕቃ ክፍል በዘመን ሳይሆን በአሠራር የተደረደረ ነው፤ ማያያዝ፣ ማዞር፣ መቅረጽ፣ ማልበስ እያለ ያሳይሃል። ዝነኛው እንጨት ቀራጭ ግሪንሊንግ ጊበንስ «ላይም» ከሚባል ዛፍ እንጨት የቀረጸው የአንገት ዳንቴልም በዚሁ ሙዚየም አለ። ቀዳዳ ቀዳዳው ሳይቀር ጨርቅ ነው የሚመስለው።

መሮ ወይም መጋዝ ከገዛህ፣ በብረት ሥራ በታወቀችው ሼፊልድ ከተማ የተሠራ አሮጌ መሮ በርካሽ ታገኛለህ፣ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዘው፤ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሃል። ወደ ታች በሚገባው ሻንጣ፣ ስለቱን በካርቶን ጠቅልለህ።

የሰጡህን ፕሮግራም የወኪሉን ስም ሸፍነህ እዚሁ ለጥፈው። የትኛው ቀን እውነተኛ ወርክሾፕ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የገበያ ቀን እንደሆነ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን አንዲት ሳንቲም አትክፈል።