ዛፍ ላይ የበቀለ ሁሉ ተቀጽላ አይደለም

ጥያቄ፦ ሀዋሳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ወንዶ ገነት ደን ስንገባ የዛፎቹ ሥር ሞስ (አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ደቃቅ ተክል) ለብሶ፣ የቅርንጫፎቹ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ፈርን (አበባ የሌለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል) በቅሎ እናያለን። ከተማችን ውስጥ አሞራ ገደል መናፈሻ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ግን ይህን ቅደም ተከተል አናገኝም። ተማሪዎቹ ሁሉንም «ተቀጽላ» ይሏቸዋል። እውነት ከዛፉ ምግብ ይወስዳሉ? አቀማመጣቸውስ ሥርዓት አለው? እንዴትስ እንመዝግበው?

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ተቀጽላ ሥሩን ወደ ቅርንጫፉ እንጨት ሰዶ ውሃና ማዕድን የሚወስድ ጥገኛ ተክል ነው፤ የተጣበቀበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አብጦ ይታያል። የፈርንና የኦርኪድ ሥር ግን ቅርፊቱ ላይ ብቻ ይዘረጋል። ዛፉ ለእነሱ መቀመጫ እንጂ ምግብ ቤት አይደለም፤ ውሃቸው ከዝናብና ከጉም፣ ማዕድናቸው ከአቧራና ከበሰበሰ ቅጠል ይመጣል። ስለዚህ ዛፉን «ለማዳን» ብሎ እነሱን መግፈፍ ጥፋት ነው።

አቀማመጣቸውን በዋናነት የሚወስነው ቦታው ከዝናብ በኋላ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ደን ውስጥ ከመሬት ወደ ላይ ሲወጣ ብርሃኑና ነፋሱ ይጨምራል፣ እርጥበቱ ይቀንሳል። ዮሃንሰን የተባለው ተመራማሪ በምዕራብ አፍሪካ የኒምባ ተራሮች ደን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ሥራ ዛፉን በአምስት ቀጠና ከፍሎታል፤ ክፍፍሉ ዛሬም ያገለግላል። አንደኛው የግንዱ ግርጌ ሲሆን እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ጥላና እርጥበት ስላለው ሞስና ስስ ቅጠል ያላቸው ፈርኖች ይወዱታል። ሁለተኛው ከዚያ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ያለው ቀጥ ያለ ግንድ ነው፤ ውሃውም አፈሩም ስለሚንሸራተት ብዙ ጊዜ ባዶ ይመስላል።

የቀሩት ሦስቱ የዛፉን አናት ከውስጥ ወደ ውጭ በሦስት እኩል ይከፍሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ሀብታሙ የውስጠኛው ሲሶ ነው። ወፍራም አግዳሚ ቅርንጫፍና መጋጠሚያ የወደቀ ቅጠል ያጠራቅማል፤ ቅጠሉ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ሞሱ ውሃ ይይዛል። ትልልቅ ፈርኖች፣ ፔፔሮሚያ የተባለው ቅጠለ ወፍራም ትንሽ ተክልና ኦርኪድ እዚያ ይሰባሰባሉ። የጌተም ዘርም እንዲህ ባለ ቦታ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ያ በነጭ ማሩ የታወቀው ዛፍ ኑሮውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ላይ ነው። ወደ ጫፍ ሲኬድ ቅርንጫፉ ቀጭን፣ ወጣትና ደረቅ ይሆናል፤ የዛፍ ሽበትና ድርቅ የሚችሉ ትናንሽ ኦርኪዶች ይቀራሉ። የብዙዎቹ ኦርኪዶች ሥር ስፖንጅ በሚመስል ነጭ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ዝናብ ሲነካው ውሃ መጥጦ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

የከተማው ዛፍ ለምን ይለያል? ለብቻው የቆመ ዛፍ ግንዱን ሳይቀር ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል። ስለዚህ የአናት ነዋሪዎች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የግርጌዎቹ እርጥበት ወዳዶች ደግሞ ይጠፋሉ። ለቡና ብርሃን ተብሎ ደኑ ሲሳሳም ይኸው ነው የሚሆነው። ቅርፊትም ይቆጠራል፦ ቅርፊቱን የሚጥል ባሕር ዛፍ ላይ ብዙ አይበቅልም፤ ዘሩ ሳይደላደል መቀመጫው ይወድቃል።

ለምዝገባው ከአንድ ዓይነት ዛፍ አሥር ያህል ምረጡ። ዙሪያውን ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ በሜትር ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ፤ የግንዱ ውፍረት ይገኛል። ይህን መዝለል ትልቁ ስሕተት ነው፤ ትልቅ ዛፍ በዕድሜውና በስፋቱ ብቻ ብዙ ዝርያ ሊይዝ ስለሚችል ልዩነቱን በደኑ ታሳብባላችሁ። ከዚያ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ቆማችሁ በርቀት ማያ መነጽር እያያችሁ በየቀጠናው ያለውን ጻፉ። የተጠላለፈውን ነጠላ ተክል ለመቁጠር አትሞክሩ፤ ከሌላው ተለይቶ የቆመውን ጉንጉን እንደ አንድ ያዙ። ከመሬት ሲታይ የጫፎቹ ትናንሽ ተክሎች ያመልጣሉ። ያለ ገመድና ያለ ሠለጠነ ሰው ዛፍ ላይ መውጣት አይገባም፤ ይልቅ ከነፋስ በኋላ የወደቁ ቅርንጫፎችን ፈትሹ፣ መዝገቡን ግን ከዛፉ መዝገብ ለዩት፤ ቅርንጫፉ ከየትኛው ቀጠና እንደወደቀ በእርግጠኝነት አይታወቅምና።