አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ሳይንስ፣ አንድ መምህር

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ባሕር ዳር በሚገኝ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። እኔ በተማርሁበት ዘመን ለየብቻ የነበሩት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አሁን «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብለው ተጠቃልለዋል፤ መምህሯ ግን የሠለጠኑት በባዮሎጂ ብቻ ነው። የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜም ብዙ ጊዜ ባዶ ያልፋል። ይህ ደንብ ነው ወይስ ጉድለት? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የትምህርቱ መጠቃለል ደንብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እርከኖቹን 6-2-4 ብሎ ሲከፍል ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ አድርጎ ለብቻ አቁሟቸዋል፤ የሳይንሱ መዋሐድም የዚሁ ለውጥ አካል ነው።

የመምህራኑ ምደባ ግን ከመጽሐፉ እኩል አልተራመደም። ብዙዎቹ በኮሌጅ የሠለጠኑት በአንድ የትምህርት ዓይነት በመሆኑ፣ ስለ ሕዋስ ሲያስተምሩ ማይክሮስኮፑን አውጥተው የሚያሳዩት መምህር፣ ኃይልና እንቅስቃሴ ላይ ሲደርሱ ማስታወሻ አስገልብጠው ሊያልፉ ይችላሉ። ለዚህ ሥልጠና እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ በፊዚክስና በኬሚስትሪ የሠለጠኑ ካሉ ምዕራፎቹን ተከፋፍለው ክፍል ሊለዋወጡ ይችላሉ። የመምህራን ማሠልጠኛ የነበረውን ግቢ እስከ ዛሬ «ፔዳ» ብላ በምትጠራ ከተማ ይህን ማለት አስቸጋሪ መሆን የለበትም፤ ከከተማው ራቅ ብለው ዘጌና ጢስ ዓባይ ላሉት ትምህርት ቤቶች ግን፣ የሠለጠነ ከሌላቸው፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር መዋስ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የጥበባቱ ጉዳይ ግን በእኛ እምነት ግልጽ ጉድለት ነው። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሳምንት ክፍለ ጊዜያቸው ላልሞላ መምህር ማሟያ ተደርጎ ስለሚሰጥ፣ ባለቤት ያጣል። አስቀድመው የልጅዎን ደብተር ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ጋር ያስተያዩ፤ ቀን የተጻፈበት ገጽ ስንት ጊዜ እንደ ተማረች ይነግርዎታል። ከዚያ የክፍል ኃላፊውን መምህር፣ ቀጥሎም ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ። ቅጥርና ዝውውር በርዕሰ መምህሩ እጅ ስላልሆነ፣ «ለምን መምህር አልተቀጠረም?» ከማለት «ያሉትን መምህራን እንዴት ደለደላችኋቸው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልስ ካጡ ጉዳዩን በጽሑፍ ለወላጅ መምህር ኅብረት ያቅርቡ፤ ኅብረቱ ለከተማው ትምህርት መምሪያ ሲያሳውቅም ባዶ ያለፉት ክፍለ ጊዜያት በቀናቸው ተዘርዝረው ከደብዳቤው ጋር ይያያዙ።