በእንግሊዝ ገጠር ስለሚካሄዱ የግድያ ምርመራ ልብወለዶች፦ ጥያቄና መልስ

ከአንባቢዎች የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የየትኛውም መጽሐፍ ገዳይ እዚህ ስለማይገለጽ ገና ያላነበበም ሳይሰጋ ይከታተል።

ጥያቄ፦ «ኮዚ ክራይም» የሚባለው ከሌላው የወንጀል ልብወለድ በምን ይለያል? ግድያ ያው ግድያ አይደለም እንዴ?

ግድያውስ ያው ግድያ ነው፤ የሚለየው ደራሲው ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር ነው። አስከሬን ይገኛል፣ ደሙ ግን በዝርዝር አይተረክም። መርማሪው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ሳይሆን ጡረተኛ፣ ቄስ ወይም የጎረቤቱን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ገዳዩም ከመካከላቸው አንዱ ነው። መጨረሻ ላይ ማን፣ እንዴት እና ለምን የሚሉት ሦስቱም መልስ ማግኘት አለባቸው።

ስልቱ የጎለመሰው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል ቄስና ደራሲ አሥር ሕጎች አወጣ። ወንጀለኛው ገና ከጅምሩ በታሪኩ ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ መተላለፊያ አይፈቀድም፤ ሳይንስ የማያውቀው መርዝ ክልክል ነው፤ መርማሪው በዕድል መልሱ ላይ መድረስ የለበትም። በ1930 ደግሞ ደራሲዎቹ «ዲቴክሽን ክለብ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጂ. ኬ. ቼስተርተን ነበር። አዲስ አባል ሲገባ ዋና ፍንጭ ከአንባቢ ላለመደበቅ ይምል ነበር። የዚህ ልብወለድ ነፍስ ያለችው እዚህ ላይ ነው፦ መርማሪው ያየውን አንባቢውም አይቷል።

ጥያቄ፦ ለምን ገጠር? ለንደን አይበቃም?

ለንደን ውስጥ ገዳዩ ከመንገድ የመጣ ማንም ሊሆን ይችላል። መንደር ውስጥ ግን ባዕድ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ሦስት ሰው በመስኮት ያየዋል፤ ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ቄሱ መቼ እንደሚወጣ፣ ፖስታው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ የመጨረሻው ባቡር መቼ እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ ከልማዱ ዝንፍ ያለች አንዲት ነገር ወዲያው ፍንጭ ትሆናለች።

የዚህ ሥርዓት መናጋት ራሱ ታሪክ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አጋታ ክሪስቲ በ1950 ባወጣችው «ግድያ ታወጀ» በተሰኘው ልብወለድ የመንደሩ ጋዜጣ ዓርብ ጥቅምት 29 ቀን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በአንድ ቤት ውስጥ ግድያ እንደሚፈጸም ማስታወቂያ ያወጣል። ዘመኑ ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ምግብ ገና በራሽን ነበር (የራሽን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1954 ነው)። ከየቦታው የመጡ አዳዲስ ሰዎች መንደሩ ውስጥ ሰፍረዋል፤ ማንነታቸውን የሚያውቀው ከራሳቸው ቃልና ከያዙት ወረቀት በቀር ማንም የለም። ቀድሞ ቢሆን ሰው የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ነበር። ይህን ይዞ የሚያነብ ሰው ከሌላው አንባቢ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ልጀምር?

የክሪስቲዋ አሮጊት መርማሪ ሚስ ማርፕል በረጅም ልብወለድ የመጀመሪያ ጊዜ ከምትታይበት፣ ከ1930ው «በቄሱ ቤት የተፈጸመ ግድያ»። ሴንት ሜሪ ሚድ የተባለችው መንደር ከነሰዎቿ እዚያ ትተዋወቃለች። ከዚያ ከላይ የጠቀስኩትን የ1950ውን። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የረግረግ አገር ድባብ የሚወድ የዶሮቲ ሴየርስን የ1934 «ዘጠኙ ደወሎች» ያንብብ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፣ ግን ትዕግሥትን ይክሳል። ከዘመኑ ደግሞ የሪቻርድ ኦስማን «የሐሙስ የግድያ ክለብ» (2020) አለ፤ ኬንት ውስጥ በጡረተኞች መንደር የሚኖሩ አራት አረጋውያን ናቸው መርማሪዎቹ።

ጥያቄ፦ ስሞቹ ይምታቱብኛል። ሃምሳ ገጽ ሳልሞላ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

ወረቀት ያዝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ስጥ፤ በመስመሩ ላይ ስም፣ ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድና፣ ከሞቱ ምን እንደሚያገኝ፣ በሰዓቱ የት ነበርኩ እንዳለ እና *ይህን ያረጋገጠለት ማን እንደሆነ* ጻፍ። ብዙ አንባቢ የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ብቻ የሚመሰክሩ ከሆነ ሁለቱም ነጻ አልወጡም።

ማዕረግ ያለው ሰው በሁለትና በሦስት ስም እንደሚጠራም ልብ በል። «ኮሎኔሉ»፣ «ሚስተር እገሌ» እና በልጅነት ስሙ የሚጠራው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ያገባች ሴት ደግሞ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች። በእኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟ ስለማይቀየር ይህ በቀላሉ ያመልጠናል፤ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግን ዋና መደበቂያ ነው። አዲስ የመጣች መበለት ስታይ ከማግባቷ በፊት ማን ነበረች ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በድሮዎቹ መጻሕፍት ማንም ተነሥቶ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ የሚያገኘው እንዴት ነው? የተጋነነ አይመስልም?

አልተጋነነም። አርሴኒክ በአረም ማጥፊያና በዝንብ መግደያ ወረቀት ውስጥ ነበር፤ ሳያናይድ የተርብ ጎጆ ለማጥፋት ይገዛ ነበር። ሕግ ግን ነበረ። በ1851 የወጣው የአርሴኒክ ሕግ ሻጩ ገዢውን እንዲያውቀው፣ ገዢውም መዝገብ ላይ እንዲፈርም ያስገድድ ነበር፤ በትንሽ መጠን የሚሸጠውም ከዱቄትና ከስኳር እንዲለይ በጥላሸት ወይም በኢንዲጎ ቀለም እንዲቀባ ያዝ ነበር። ስለዚህ መርማሪው መድኃኒት ቤት ገብቶ «መዝገቡን አሳዩኝ» ሲል ደራሲው ጊዜ እያጠፋ አይደለም። የፈረመው ማን ነው? በማን ስም? ፊርማውስ የራሱ ነው?

አርሴኒክ የሚመረጥበት ምክንያት ትውከቱና ተቅማጡ ከተራ የሆድ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ነው፤ የመንደሩ ሐኪም ሳይጠራጠር የሞት ወረቀት ይፈርማል። ሆኖም በ1836 ይፋ የሆነው የማርሽ ምርመራ በጣም ጥቂቱን እንኳ ያወጣዋል፤ መርዙም በፀጉርና በጥፍር ውስጥ ይቆያል። ከመቃብር አስከሬን የሚወጣባቸው ምዕራፎች መሠረታቸው ይህ ነው። አስከሬኑ ይቃጠል ብሎ የሚቸኩል ዘመድ ካየህም ስሙን አስምርበት። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ ውስጥ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ መርዞቿ ትክክል የሆኑት ከዚያ የተነሣ ነው።

ከአትክልት ቦታ ዲጂታሊስ የተባለው መርዝ የሚገኝበትን ፎክስግለቭ የተባለውን አበባ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ «ዩ» የሚባለውን ዛፍ አትለፍ። የዩ ቅጠልና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር መርዛማ ናቸው። ደራሲው ስለ አትክልት ሲያወራ ለውበት ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኑዛዜ ላይ ለምን ያን ያህል ይንጠለጠላሉ?

ምክንያቱም የእንግሊዝ የ1837 የኑዛዜ ሕግ ራሱ ፍንጭ ያመርታል። ሦስት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ተናዛዡ የሚፈርመው በአንድ ጊዜ አብረው በተገኙ ሁለት ምስክሮች ፊት ነው (በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመርህ ደረጃ አራት ይፈልጋል)። ሁለተኛ፣ ምስክር የሆነ ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ከዚያ ኑዛዜ ምንም አያገኝም። ሦስተኛ፣ ጋብቻ ቀድሞ የተጻፈን ኑዛዜ ይሽራል።

አሁን ይህን ትዕይንት ተመልከቱ። አሮጊቷ ደወል ትደውላለች፤ ምግብ አብሳይዋና አትክልተኛው እጃቸውን እየጠራረጉ ይገባሉ፤ የወረቀቱ የላይኛው ክፍል በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ ከታች ይፈርማሉ፤ ይወጣሉ። በዚህች ግማሽ ገጽ ውስጥ ሁለቱ በአዲሱ ኑዛዜ እንደማይወርሱ ተነግሯችኋል፤ ኑዛዜው አዲስ መሆኑንም አውቃችኋል፤ በአሮጌው ይወርስ የነበረ ሰው ደግሞ ይህን ሰምቶ ይሆን የሚል ጥያቄ ተወልዷል። ሀብታሙ ሽማግሌ ሊያገባ ነው ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ከሠርጉ ቀን ጋር የቀድሞው ኑዛዜ ይወድቃል፤ ወራሹ የሚጣደፈው ለዚህ ነው። ገዳይ የገደለውን ሰው መውረስ ስለማይችል ደግሞ ሳይያዝ መቅረት አለበት፤ ግድያውን አደጋ ወይም ሕመም ለማስመሰል የሚደክመውም ስለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ «ኢንክዌስት» የሚባለው ፍርድ ቤት ነው?

አይደለም። ኮሮነር የሚባል ሹም ሟቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሞተ የሚያጣራበት ችሎት ነው፤ ሹመቱ ከ1194 ጀምሮ ያለ ነው። በድሮ መጻሕፍት የኮሮነሩ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ሰው በስም ጠቅሶ «ገዳዩ እሱ ነው» ሲል ብታነቡ ስሕተት አይደለም፤ ይህ ሥልጣን የተነሣው በ1977 ነው። ፖሊስ ብዙ ጊዜ ያወቀውን ሁሉ እዚያ አይናገርም። ስለዚህ በችሎቱ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ገዳዮቹ ሲጋለጡ ራሳቸውን የሚያጠፉት ለምንድን ነው?

ቅጣቱ ስቅላት ስለነበረ ነው። ብሪታንያ ለነፍስ ግድያ የሞት ቅጣትን ያገደችው በ1965 ነው። ደራሲው ለስላሳ መጽሐፉን በገመድ መጨረስ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ልስጣት?

አዎ፣ ይስጧት። የሥጋ ግንኙነትና የጭካኔ ትዕይንት የለባቸውም ማለት ይቻላል። ሆኖም በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የተጻፉት ስለ አይሁድ፣ ስለ ጥቁሮችና ስለ ቤት ሠራተኞች የሚሰነዝሩት ንቀት ያማል። አዳዲስ እትሞች አንዳንዱን ቃል ቀይረዋል፣ አሮጌዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ቀድመው ያንብቡትና አብረው ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ በዚህ ስልት በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከየት ልነሣ?

ከመጨረሻው ተነሺ። ገዳዩ ያደረገውን በሰዓት ከፋፍለሽ አንድ ገጽ ላይ ጻፊ፤ ይህን ገጽ አንባቢ አያየውም። ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ተጠርጣሪ በቂ ነው። ለእያንዳንዱ የሚደብቀው ነገር ስጪው፤ ንጹሖቹም ይዋሻሉ፣ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ። አስከሬኑ ከመጽሐፉ አምስተኛ እጅ ሳያልፍ ይገኝ።

ዋናውን ፍንጭ በዝርዝር መካከል አስቀምጪው። «ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ የተቆረጠ ሲባጎ፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ነበር» ካልሽ አንባቢ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይይዛል፣ ሲባጎውን ይዘለዋል። ወዲያው በሩ በኃይል ከተንኳኳ ጨርሶ ይረሳዋል። ፍትሐዊ እንዲሆን ግን ሲባጎውን በሌላ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ድገሚው።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። ገዳዩ ዘግይቶ ይገባል፤ መርማሪው አንባቢ ያላየውን ደብዳቤ ከኪሱ ያወጣል፤ ወይም ማስረጃ ሳይኖር ገዳዩ ራሱ ይናዘዛል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም የቀደመውን ፍንጭ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አንድ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?

አራት ወጥመድ አለ፤ ሁሉም ፍንጭ ይገድላሉ።

የመጀመሪያው ጾታ ነው። እንግሊዝኛው የአጎት ልጅ ከአውስትራሊያ እንደሚመጣ ተናግሮ ወንድ ይሁን ሴት ሊደብቅ ይችላል። አማርኛው ግን «ይመጣል» ወይም «ትመጣለች» ብሎ ያጋልጣል። መውጫው አንቱታ ነው፤ «ይመጣሉ» ጾታ የለውም። ግን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከተጠቀምክበት ነቄ አንባቢ ይይዝሃል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ሌሎች ዘመዶችንም ከመጀመሪያው አንቱ እያለ ይጥራ። ሂላሪ፣ ሌስሊና ኤቭሊን የወንድም የሴትም ስም መሆናቸውን አትርሳ፤ የግርጌ ማስታወሻ አድርገህ ግን ምስጢሩን እንዳታወጣው።

ሁለተኛው በመሐረብ ላይ የተጠለፈ የስም መጀመሪያ ፊደል ነው። ሄንሪና ሃሮልድ በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ በእኛ ግን በ«ሄ» እና በ«ሃ»። ፊደሉን «ኤች» ብለህ እንዳለ ተወው።

ሦስተኛው የምግብ ሰዓት ነው። «ዲነር» ለባለጸጋው የማታ ራት ነው፣ ለብዙ ሠራተኛ ደግሞ የቀን ምሳ። አትክልተኛው «ከዲነር በኋላ አየሁት» ካለ ቀን ሊሆን ይችላል። ወዲያው «ራት» ብለህ ከተረጎምክ የታሪኩን አሊባይ (በሰዓቱ ሌላ ቦታ ነበርኩ የሚለውን ማስረጃ) በሙሉ ታፈርሳለህ።

አራተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጥ። በንግግር ውስጥ ያለውን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው፤ ጠዋት ዘጠኝ ከሩብ የሚሉት ባቡር የሦስት ሰዓት ከሩብ ባቡር ነው። የቆመ የእጅ ሰዓት ራሱ ፍንጭ ሲሆን ግን ቁጥሩን አትንካ። የሟቹ ሰዓት የቆመው በእነሱ ስድስት ላይ ከሆነ ሁለቱ ዘንጎች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ «አሥራ ሁለት» ብለህ ብትጽፍ አንባቢው የተደራረቡ ዘንጎች በዓይኑ ይመጡበታል፤ ሰዓቱን አንድ ሰው ገልብጦ አንብቦታል የሚለው መፍትሔም ይጠፋል። ብርሃኑንም አስብ። በእኛ አገር ጀምበር ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትጠልቃለች፤ ለንደን አካባቢ ግን በሰኔ መጨረሻ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ። ከ1941 እስከ 1945 ባሉት በጋዎች ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ወደ ፊት ይገፋ ስለነበር ምሽቱ ከዚያም ይረዝማል። ምስክሩ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፊቱን አይቻለሁ» ሲል በሰኔ እውነት ነው፣ በታኅሣሥ ግን ፋኖስ ያስፈልገዋል። ወሩን ሳታጣራ «በጨለማው» የሚል ቃል ከራስህ እንዳትጨምር።