«ዓይኑ ያበራል» ስትላችሁ

በሕክምና ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፣

በዓይን ሕክምና ጥርሴን ነቅዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ነጭ ጋዋናችሁን በክንዳችሁ አንጠልጥላችሁ ወደ ጥቁር አንበሳ ስትጣደፉ ባየሁ ቁጥር አስቁሜ ልነግራችሁ የሚዳዳኝ አንድ ነገር አለ።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን አዝላ መጣችና «ማታ አምፖል ሥር አንድ ዓይኑ እንደ ድመት ያበራብኛል» አለችኝ። ልጁ ቁልፌን ነጥቆኝ ይጫወታል፤ ዓይኑ አልቀላም፣ ጥቂት ሸውረር ከማለቱ በቀር ምንም የሚያሳስብ ነገር አላየሁበትም። ብሌኑን በጠብታ ሳላሰፋ በባትሪ ብቻ አየሁት፤ ቅባት አዘዝኩና «ሲያድግ ይስተካከላል» ብዬ ሸኘኋት። ከስምንት ወር በኋላ ስትመለስ የልጁ ፊት በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ስትገልጠው ዓይኑ ከጉድጓዱ ገፍቶ ወጥቷል።

የልጁ ሕመም ሬቲኖብላስቶማ ነበር፤ ይህም ከሬቲና፣ ማለትም ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን፣ የሚነሳ፣ በአብዛኛው 5 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚይዝ ካንሰር ነው። ሐኪምን የሚያታልለው መጀመሪያ ላይ የማያም መሆኑ ነው። እናትየው ያየችው ብርሃን፣ ብሌን ውስጥ የገባው ጨረር ነጩ ዕጢ ላይ አርፎ ሲመለስ ነበር፤ የሸወረረውም ያ ዓይን ማየት ስለተሳነው ነው። ጊዜ ሲሰጠው ዕጢው እየተፈረፈረ በዓይኑ ውስጥ ይበተናል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ዓይኑ ይቀላል፤ ሕፃኑ ማልቀስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የዓይንን ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ያመራል፣ ወይም የዓይንን ግድግዳ ቦርቡሮ ወደ ዓይን ጉድጓድ ይወጣል፣ በደምም አጥንት፣ መቅኒና ጉበት ይደርሳል። ሳይታከም ከቀረ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ይገድላል። እርግጥ አልፎ አልፎ ዕጢው በራሱ ሞቶ ዓይኑ የሚሟሽሽበት ጊዜ አለ፤ የእንዲህ ያለው ሕፃን ወሬ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ የሞቱትን ግን የሚያወራላቸው የለም።

በጊዜ ሲደረስበት ግን፣ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ100 ሕፃናት ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ አንድ ዓይን ነው። «ዓይኑ ይውጣ» የሚለው ቃል ለወላጅ ጆሮ ከሞት አያንስምና፣ ተናግራችሁ ቶሎ አትነሱ። እኔ በመሳቢያዬ አንድ ሰው ሠራሽ ዓይን አስቀምጥ ነበር። አንድ አባት በመዳፉ ላይ እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ሁለተኛው ዓይኑስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ከብዙ ሐኪም አልሰማሁም። ከ100 ታማሚዎች 40 ያህሉ አርቢ 1 በተባለው ዘረመል ላይ የደረሰውን ለውጥ በመላ ሰውነታቸው ይዘው ይወለዳሉ፤ እነዚህ ሕፃናት ሁለተኛውም ዓይን ሊያዝባቸው ይችላል፣ አድገው ሲወልዱም ለውጡ ለእያንዳንዱ ልጃቸው የመተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ሁለቱንም ብሌኖች በጠብታ አሰፋን፤ በማግስቱም አባትየው የልጁን ታናሽ እህት ይዞ መጣ።